ጃፓን ደርሶ የመጣ ሰው የሚያወራውና የሚዘለው

ጃፓን ደርሶ የተመለሰ ሐበሻ ወሬውን ከፉጂ ተራራ አይጀምርም። ስለ ጥንታዊ መቅደሶቹም ሆነ ስለ ቼሪ አበባው ብዙ አይናገርም፤ እነሱን ፎቶው ይናገርላቸዋል። ለትምህርት የሄደውም፣ ለሥልጠና የተላከውም፣ ለንግድ የተሻገረውም የሚያወሩት ስለ ትንንሽ ነገር ነው። ባቡር ውስጥ ተረስቶ ከነገንዘቡ ስለተገኘ ቦርሳ። ብቻቸውን ባቡር ስለሚሳፈሩ የሰባት ዓመት ልጆች። የቆሻሻ ቅርጫት ሳይኖርበት ንጹሕ ስለሆነ ጎዳና። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትኩስ ምግብ ስለሚሸጥ፣ የመብራትና የውኃ ክፍያም ስለሚቀበል የሰፈር ሱቅ። መልስ በሁለት እጇ ስለምትሰጥ ገንዘብ ተቀባይ። ቲፕ ስለማይቀበል አስተናጋጅ።

ጨዋታው ደርቶ ደርቶ የሚዘጋው ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ተፈጥሯቸው ነው እባክህ! እኛ አገር አይሠራም።»

አድማጭም ራሱን ነቅንቆ ይስማማል። ቡናው ይቀጥላል፤ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

ተጓዡ ያየው ነገር እውነት ነው። የተሳሳተው መደምደሚያው ላይ ነው። ስህተቱም የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ «አይሆንልንም» ብሎ ባመነ ቁጥር፣ ሊሠራ የሚገባውን ሥራ የማይሠራ ኃላፊ ሁሉ ምክንያት ያገኛል። ስለዚህ ተጓዡ የሚወዳቸውን እነዚያን ትንንሽ ግኝቶች አንድ በአንድ መፍታት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

◾ የጠፋው ቦርሳ

የቶኪዮ ፖሊስ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ የጠፉ ዕቃዎችን ይረከባል። ጥሬ ገንዘቡ ብቻ በቢሊዮን የን ይቆጠራል። ይህን የሰማ ሰው «የመላእክት አገር ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ከዚህ ቁጥር በስተጀርባ አንድ ሕግ አለ። ጃፓን ስለ ጠፋ ንብረት ሕግ ያወጣችው በ1899 ነው። ሕጉ ዛሬ በተሻሻለው መልኩ እንዲህ ይላል፦ ዕቃ ያገኘ ሰው ለባለቤቱ ወይም ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ባለቤቱ ከመጣ ላገኘው ሰው ከዕቃው ዋጋ ከ5 እስከ 20 በመቶ ወሮታ ይከፍላል። በሦስት ወር ውስጥ ባለቤት ካልመጣ ዕቃው በአብዛኛው ላገኘው ሰው ይሆናል። አግኝቶ የደበቀ ግን ወንጀል ሠርቷል።

ማስረከቢያውም ሩቅ አይደለም። «ኮባን» የሚባሉት ትንንሽ የፖሊስ ማረፊያዎች በመላው አገሪቱ ወደ 6,000 ይጠጋሉ። በየመንገዱ ማዕዘንና በየባቡር ጣቢያው ደጃፍ ይገኛሉ። አንድ ልጅ ሳንቲም አግኝቶ ቢሄድ እንኳ ፖሊሱ ፎርም አውጥቶ፣ የተገኘበትን ቦታና ሰዓት ጽፎ፣ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ልጁ አምኖ የሚያድገው ያንን ደረሰኝ ነው።

ማርክ ዌስት የተባሉ አሜሪካዊ የሕግ ምሁር በ2003 ባሳተሙት ጥናት ቶኪዮንና ኒውዮርክን አነጻጽረው ነበር። የደረሱበት መደምደሚያ ለጃፓኖች የተመለሰው ቦርሳ ምስጢር የተለየ ደግነት ሳይሆን ግልጽ ሕግ፣ ቅርብ ማስረከቢያ፣ ወሮታና ቅጣት ተደምረው የሠሩት ሥራ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

ተጓዡ የማያወራው ሌላም ነገር አለ። ቦርሳ የሚመልሰው ያ ጃፓናዊ ዝናብ በጣለ ቀን ከሱቅ ደጃፍ የሰው ጃንጥላ አንሥቶ ሊሄድ ይችላል። ብስክሌትም በብዛት ይሰረቃል፤ በ2023 ለፖሊስ የተመዘገበው ከ100 ሺህ በላይ ነው። ሰዎቹ ያው ናቸው። ልዩነቱ ቦርሳ መዝገብ፣ መደርደሪያና ደረሰኝ ያለው መሆኑ ነው። የሱቅ ደጃፍ ጃንጥላ ግን ማንም አይመዘግበውም።

◾ ሰዓቱ

ሁለተኛው ተወዳጅ ወሬ ባቡር ነው። የፈጣኑ ባቡር የሺንካንሰን አማካይ መዘግየት በአንድ ጉዞ በጣም ጥቂት ነው። የከተማ ባቡር ከዘገየ ደግሞ ድርጅቱ ለአለቃ የሚቀርብ የማርፈጃ ወረቀት ለተሳፋሪው ይሰጣል። ይህን የሰማ አዲስ አበቤ መገረሙ አይቀርም።

«ሰዓት ማክበር በደማቸው ነው» የሚለው ግን በታሪክ አይደገፍም። በ1850ዎቹ መጨረሻ ናጋሳኪ ላይ የባሕር ኃይል ትምህርት ያስተምር የነበረው የኔዘርላንዱ መኮንን ካተንዳይከ ጃፓኖች ለሰዓት ደንታ እንደሌላቸውና ሥራ እንደሚያዘገዩ አማርሮ ጽፏል። ዛሬ ፈረንጅ ስለ ሐበሻ ቀጠሮ የሚለውን ዓይነት ነው።

እንዲያውም የድሮው የጃፓን ሰዓት አቆጣጠር ለሐበሻ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ቀኑ ከፀሐይ መውጣት እስከ መጥለቅ ለስድስት፣ ሌሊቱም ለስድስት ይከፈል ነበር። በበጋ የቀኑ ሰዓት ይረዝማል፤ በክረምት ያጥራል። ማንም ስለ ደቂቃ አይጨነቅም ነበር።

ከዚያ በ1872 ከሺምባሺ እስከ ዮኮሃማ የመጀመሪያው ባቡር ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት መግቢያ አገሪቱ አዲስ የቀን መቁጠሪያና እኩል የተከፈለ ሰዓት ተቀበለች። ባቡር፣ ፋብሪካና ትምህርት ቤት ሰዓትን አስተማሩ። ይህም ሆኖ ለውጡ ቶሎ አልመጣም፤ በ1920 ሰኔ 10 ቀን «የሰዓት መታሰቢያ ቀን» ተብሎ የተሰየመው ሕዝቡ ሰዓት እንዲያከብር ለመቀስቀስ ነበር። ባቡሩ ከገባ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብም ቅስቀሳ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ቶኪዮ ውስጥ የባቡር ነጂው በነጭ ጓንት ወደ ምልክቱ እየጠቆመ ብቻውን ሲናገር ያየ ጎብኚ ይስቃል፤ ቪዲዮ ይቀርጻል። ያ ሰው ግን እየተጫወተ አይደለም። «መብራቱ አረንጓዴ ነው» እያለ በዓይኑ፣ በእጁና በአፉ ያረጋግጣል። የጃፓን የባቡር ቴክኒክ ምርምር ተቋም በ1990ዎቹ ባደረገው ሙከራ ይህ ልማድ ስህተትን ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ጃፓናዊ እንደማንኛውም ሰው ይሳሳታል። መሳሳቱን አስቀድሞ ተቀብሎ መከላከያ ያበጀለት ግን ሥርዓቱ ነው።

◾ ቆሻሻው

ቶኪዮ ውስጥ የሙዝ ልጣጭ ይዞ ቅርጫት ፍለጋ ያልተንከራተተ እንግዳ የለም። ብዙዎቹ ቅርጫቶች የተነሡት በመጋቢት 1995 በምድር ባቡሩ ላይ ከተፈጸመው የሳሪን መርዝ ጥቃት በኋላ፣ ለጥንቃቄ ሲባል ነው። ሰዉ ቆሻሻውን በቦርሳው ይዞ ቤቱ ይገባል። ቤትም የሚቃጠለውን፣ ፕላስቲኩን፣ ጠርሙሱን ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ በተመደበው ቀን ያወጣል። ሳይለይ ያወጣው ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት እዚያው ይቀርለታል፤ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል።

ይህም ከጥንት የነበረ አይደለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1964 ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ በተከታታይ ያሸነፉባት ቶኪዮ ለኦሊምፒኩ ስትባል በዘመቻ የተጸዳች ከተማ ነበረች። ከዚያ በፊት የሱሚዳ ወንዟ ይሸት ነበር። ከብዙ ቤቶች የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚወገደው በመኪና እየተቀዳ ነበር። ከኦሊምፒኩ ማግስት በ1965 ክረምት ደግሞ «የሕልም ደሴት» በሚባለው የቆሻሻ መድፊያ የተፈለፈለ ዝንብ የኮቶ ወረዳን ነዋሪ አስመርሮት ነበር።

በ1971 የከተማዋ ገዢ ሪዮኪቺ ሚኖቤ «የቆሻሻ ጦርነት» አወጁ። ጉዳዩ እንዲህ ነበር፦ የመላ ከተማዋ ቆሻሻ በኮቶ በኩል ያልፋል፤ ኮቶም ይደፋል። የሱጊናሚ ወረዳ ነዋሪዎች ግን «ማቃጠያ በእኛ ሰፈር አይሠራም» ብለው ተቃወሙ። ኮቶዎች ወጥተው የሱጊናሚን የቆሻሻ መኪኖች መንገድ ዘጉ። ከብዙ ክርክር በኋላ ሱጊናሚም ማቃጠያ ተሠራባት። ዛሬ በ23ቱ የቶኪዮ ወረዳዎች ወደ 20 የሚጠጉ ማቃጠያዎች አሉ፤ አንዱ ጭስ ማውጫ ሺቡያ ከሚባለው የወጣቶች ሰፈር አቅራቢያ ቆሞ ይታያል። ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ የተወለደው መርሕ ቀላል ነው፦ የአንዱ ሰፈር ቆሻሻ በሌላው ጀርባ ላይ አይከመርም።

ይህ ታሪክ ለአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ሟቾቹ ያንን ቆሻሻ ያመረቱት አልነበሩም፤ ሥሩ ይኖሩ የነበሩ ድሆች ነበሩ። ከአደጋው በኋላ ክምሩን ለማረጋጋት ከተሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ በጃፓን የፉኩዎካ ዩኒቨርሲቲ የዳበረው መሆኑን ስንት ሰው ያውቃል? ጃፓኖች ይህን ዘዴ ያገኙት ስለሚጸየፉ አይደለም። ችግሩ እነሱንም አንገታቸው ድረስ ስለደረሰባቸው ነው።

◾ ልጆቹ

እናት ለሆነች ተጓዥ ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው። አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን ቢጫ ኮፍያ አድርጎ፣ ጀርባው ላይ የቆዳ ቦርሳ አዝሎ፣ ያለ ሰርቪስና ያለ ሞግዚት ትምህርት ቤት ይሄዳል። «ምን ዓይነት ወላጅ ናቸው?» ያሰኛል።

ወላጅ ብቻውን አይደለም። የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከቤት በእግር የሚደረስበት ነው፤ ልጁ የሚመደበውም በሰፈሩ ነው። በብዙ ቦታ የአንድ ሰፈር ልጆች ተሰብስበው በቡድን ይሄዳሉ፤ ትልቁ ትንሹን ይመራል። መሻገሪያው ላይ ጡረታ የወጡ አዛውንት ባንዲራ ይዘው ይቆማሉ። በየመንገዱ ባሉ ሱቆችና ቤቶች ላይ «ልጅ ከፈራ እዚህ ይግባ» የሚል ትርጉም ያለው ምልክት ተለጥፏል። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን ከሰፈሩ ድምፅ ማጉያ ዜማ ይሰማል፤ «ወደ ቤት ግቡ» ማለት ነው። ያ ድምፅ ማጉያ የተተከለው ለመሬት መንቀጥቀጥና ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው። በየቀኑ ዜማ የሚያሰሙበት መሥራቱን ለማረጋገጥም ጭምር ነው። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አደጋ በመጣ ቀንም «ተበላሽቶ ነበር» የሚል ሰበብ አይኖርም።

መንገዱም ቢሆን ሁልጊዜ ለልጅ የሚመች አልነበረም። በ1970 ጃፓን ውስጥ በመኪና አደጋ 16,765 ሰው ሞተ። ጋዜጦቹ «የትራፊክ ጦርነት» ይሉት ነበር። በ2024 የሟቾቹ ቁጥር 2,663 ነው፤ መኪናው በብዙ እጥፍ ጨምሮ ሳለ። የእግረኛ መንገድ ተሠራ፤ የትራፊክ መብራት በዛ፤ ቀበቶ ግዴታ ሆነ፤ ጠጥቶ የሚነዳ ቅጣቱ ከበደ። ቢጫ ኮፍያ ያደረገው ሕፃን የሚራመደው በዚያ የሃምሳ ዓመት ሥራ ላይ ነው።

ትምህርት ቤት ከገባ በኋላም ክፍሉን የሚጠርገው፣ ምሳ የሚያድለው፣ ሳሕኑን የሚሰበስበው ራሱ ነው። የትምህርት ቤት ምግብ ሕግ የወጣው በ1954 ነው፤ አገሪቱ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና እየወጣች ሳለ። ተራ አለ፤ የተራ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ አለ። የጃፓን ደጋፊዎች ዓለም ዋንጫ ላይ ስታዲየም ጠርገው ሲወጡ ዓለም ያጨበጭባል። እነሱ ግን የሚያደርጉት ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ በየቀኑ ተራ ወጥቶላቸው የለመዱትን ነው።

◾ ቢጫው ንጣፍ

ተጓዡ ሳያስተውል የሚረግጠው ግኝትም አለ። በእግረኛ መንገዱ መሐል የሚሄድ፣ ወጣ ወጣ ያለ ቢጫ ንጣፍ። ረዣዥም መስመር ያለው «ቀጥል» ማለት ነው፤ ነጠብጣብ ያለው «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ዓይነ ስውር በእግሩና በበትሩ ያነበዋል። የፈጠረው ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ ሲሆን ዘመኑ 1965 ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈውም በመጋቢት 18 ቀን 1967፣ በኦካያማ ከተማ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ነው። አንድ ሰው የጀመረው ነገር ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይገኛል፤ በአዲስ አበባም በአንዳንድ አዳዲስ የእግረኛ መንገዶች ላይ ይታያል።

ንጣፉን መትከል ግን የሥራው ግማሽ ነው። መስመሩ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ከጨረሰ፣ ሞተር ሳይክል ከቆመበት፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ አፍ ላይ ካደረሰ፣ ከጌጥነት አልፎ ወጥመድ ይሆናል። ቶኪዮ ውስጥ ያንን መስመር የሚያጸዳ፣ የተሰበረውን የሚቀይር፣ ብስክሌት የቆመበትን የሚያነሣ አለ። ጎብኚው ንጣፉን ያያል፤ ጠጋኙን አያይም።

◾ የማያምረው ገጽ

ጃፓንን ገነት አድርጎ መሳልም ሌላ ስህተት ነው። በጠዋቱ ባቡር ላይ «ለሴቶች ብቻ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ፉርጎ አለ። የተለየው በግፊያው ውስጥ ሴቶችን የሚነካኩ ወንዶች ስለበዙ ነው። በሥራ ብዛት መሞት በጃፓንኛ የራሱ ስም አለው፤ «ካሮሺ» ይባላል። የትርፍ ሰዓት ሥራን በሕግ የገደቡት በ2018 ባወጡት ሕግ ነው፤ ያውም ብዙ ወጣት ካለቀ በኋላ። ሰዓት ማክበርም፣ ሥርዓትም ልኩን ካለፈ ሰው ይበላል።

ይህም ቢሆን ዋናውን ነጥብ ያጠናክረዋል። ለሴቶች የተለየው ፉርጎ የሚያሳየው ጃፓኖች የወንዶቻቸውን «ተፈጥሮ» ጨዋ ነው ብለው አለመተማመናቸውን ነው። ችግሩን አይተው ምልክት ለጠፉ፤ ሰዓት ወሰኑ።

◾ የተቀዳውና ያልተቀዳው

ጃፓንን አድንቆ መመለስ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 የአገሪቱ መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ሄደው ነበር፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። ከእሳቸው በፊት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን በአርአያነት ጠቅሰዋታል። በዚያው በ1931 የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲረቀቅ መነሻ ያደረገው የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል። ጃፓን የትምህርት ሕጓን ያወጣችው በ1872 ነው። ባቡሯም የዚያው ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ኮባኖች በ1874 ተቋቋሙ። ሕገ መንግሥቱ የመጣው ከትምህርት ሕጉ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ግን መጀመሪያ የቀዳችው የመጨረሻውን ነው። ወረቀቱ መጣ፤ ወረቀቱን የሚሸከሙት ትንንሽ ነገሮች አልመጡም።

ካይዘንም እንዲሁ ሆነ። በጃፓን ድጋፍ ሙከራው ተደርጎ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ተቋቋመ። ጥሩ ውጤት ያገኙ ፋብሪካዎች አሉ፤ መካድ አይቻልም። ግን ስንት መሥሪያ ቤት ነው «አምስቱ ማዎች»ን በትልቅ ባነር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከባነሩ ሥር አቧራ የለበሰ ፋይል የከመረው? ማጣራቱ፣ ማስቀመጡ፣ ማጽዳቱ በዘመቻ ይሠራል፤ ጎብኚ ሲመጣ ይሠራል። የሚከብደው የመጨረሻው «ማ» ነው፦ ማዝለቅ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ካይዘን ምን እንደሆነ ትርጉም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው እንቁላሉን በየቀኑ የሚያየው ሰው ነው።

◾ «እኛ አገር አይሠራም» ለሚለው

መልሱ በየሰፈሩ አለ፦ ዕድር።

ጡሩምባ በተነፋ ጠዋት ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፤ ድስቱና ሳሕኑ ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ይገባል። ስም ይጠራል። ያልተገኘ ይቀጣል፤ ሀብታምም ቢሆን፣ ባለሥልጣንም ቢሆን ይቀጣል። ዳኛ አለ፤ ጸሐፊ አለ፤ ገንዘብ ያዥ አለ፤ ዕቃ ያዥ አለ፤ መዝገብ አለ፤ የተጻፈ ደንብ አለ። ደርግ ሄዶ ኢሕአዴግ ሲመጣ፣ ኢሕአዴግም ሲሄድ ዕድሩ አልቆመም። ማንም ባነር አልሰቀለለትም።

የመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ አርባ ደቂቃ የሚያረፍደው ሰው ለዕድሩ ስም ጥሪ በሰዓቱ ይቆማል። ሰውየው አንድ ነው፤ በአንድ ሌሊት ተፈጥሮው አልተለወጠም። አንደኛው ቦታ ላይ ስሙ ይጠራል፤ ሌላኛው ቦታ ላይ ማንም አይጠራውም። እንግዲህ «ተፈጥሯችን ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይፈርሳል።

«ጃፓን ሀብታም ናት» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሺንካንሰን በመዋጮ አይገነባም። ግን ስለ ጠፋ ንብረት ሕግ ያወጣችው ጃፓን ደሃ ነበረች፤ መደርደሪያ፣ መዝገብና ደረሰኝም ውድ አይደሉም። ኢትዮጵያም ብትሆን ሕግ አልጠፋባትም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠፍቶ ስለተገኘ ዕቃ ድንጋጌ አለው። የጠፋው መስኮቱ ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ መታወቂያ ያገኘ ደግ ሰው ወዴት ይወስደዋል? ኤፍ ኤም ሬዲዮ ይደውላል፤ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፤ ወይም ሱቅ አስቀምጦት ይሄዳል። የጠፋበት ደግሞ ከፖሊስ ጣቢያ ወረዳ፣ ከወረዳ ፖሊስ ጣቢያ ይመላለሳል። የብዙ ሺህ ብር ቦርሳ የመለሰ የታክሲ ረዳት ዜና ሲሆን ሰዉ በደስታ ያለቅሳል። ይህ የሚያሳየው ደግነቱ እንዳለ ነው። ያልተዘጋጀለት ደግነቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። መልካምነት ዜና እስከሆነ ድረስ ሥርዓት አልሆነም።

«ፖሊስ ጣቢያ ገንዘብ ይዞ የሚሄድ ሞኝ ማን ነው?» የሚለው ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው፤ በፌዝ መታለፍ የለበትም። መልሱ ግን «መጀመሪያ መተማመን ይምጣ፣ ከዚያ መስኮቱ ይከፈታል» አይደለም። ዕድርተኛው ገንዘብ ያዡን የሚያምነው መልአክ ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳቡ በየጊዜው በጉባኤ ፊት ስለሚነበብ ነው። መተማመን የደረሰኝ ልጅ ነው። በቁጥር የተመዘገበ ዕቃ፣ ላገኘው ሰው የሚሰጥ ወረቀት፣ በየወሩ በአደባባይ የሚለጠፍ ዝርዝር፤ እነዚህ ከኖሩ መተማመኑ በኋላ ይመጣል። ከተማዋ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና ሕዝባዊ መጸዳጃዎች ሠርታለች። የእነዚህም ዕጣ የሚወሰነው በምረቃው ቀን አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዝናብ በዘነበ ማክሰኞ፣ የተሰበረውን ንጣፍ ማን ይቀይረዋል? የመጸዳጃው ውኃ ሲቋረጥ ለማን ይደወላል? ያ ሰው ስሙ ተጽፏል ወይ?

◾ ተጓዡ ምን ይዞ ይምጣ?

በየዓመቱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ቻይና፣ አውሮፓ ለሥልጠናና ለልምድ ልውውጥ ይሄዳሉ። ብዙዎቹ የሚሄዱት በሕዝብ ገንዘብ ወይም በሕዝብ ስም ነው። ተመልሰው የሚጽፉት ሪፖርት «የሥራ ባህላቸው የሚደነቅ ነው» ይልና ያልቃል። ያ ዓረፍተ ነገር ለማንም አይጠቅምም።

ተጓዥ በአገኘው ደስ የሚል ነገር ሁሉ ፊት ቆሞ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል። ይህን በየቀኑ የሚሠራው ማን ነው? ካልሠራ ምን ይሆናል? ከመጀመሩ በፊት እንዴት ነበር? በእነዚህ ጥያቄዎች ፊት ቦርሳው ሕግና መደርደሪያ ይሆናል፤ ባቡሩ የሃምሳ ዓመት ቅስቀሳ ይሆናል፤ ንጹሑ ጎዳና የሁለት ወረዳ ጠብ ይሆናል፤ ቢጫ ኮፍያው ከ16,765 ሬሳ የተገኘ ትምህርት ይሆናል። «ተፈጥሯቸው ነው» ያለ ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ከዚያም አልፎ እቤት የቀሩትን እጅ ያስራል።

የሚቀጥለው ተጓዥ ከቶኪዮ ሲመጣ ቸኮሌቱንም ያምጣ፤ ፎቶውንም ያሳይ። ከዚያ ግን የዚያች ኮባን ፖሊስ የሞላችውን ፎርም ስንት መስመር እንደነበረው ይንገረን። ለዕድር ጸሐፊ ቢያሳዩት አይከብደውም፤ አምሳያው በመዝገቡ ላይ አለ።